ከታች የመጣው ውሃ

«ዘንድሮ እዚህ ቤት ውሃ ከገባ እናቴን ወስጄ መጦሪያ አስገባታለሁ። አንቺም ሌላ ቤት ትፈልጊያለሽ።»

ይህን ያለኝ የአሠሪዬ ልጅ ነው። ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ እናቱ እዚያው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እየሰሙት። ሥራ ከጀመርኩ አራተኛ ቀኔ ነበር። መስከረም ከገባ ገና ሳምንት አልሞላውም። ሰማዩ ላይ እፍኝ የምታህል ደመና እንኳ የለችም። በልቤ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ነካው፣ ክረምት ካለፈ በኋላ ስለ ጎርፍ ያወራል እንዴ አልኩ።

ለእኔ መስከረም ዝናብ የሚሸኝበት ወር ነው። ኮልፌ ተወልጄ አድጌ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት አልመጣልኝ ሲል ሁለት ዓመት አየር ጤና የሰው ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ መቆሙ ሲሰለቸኝ ነው ወደ ቆጵሮስ የሄድኩት። ቆጵሮስ ባሕር መሀል ያለች ደሴት ናት። እዚያ በመስከረም ዝናቡ አያልፍም፤ ገና ሊመጣ ነው። በጋውን ሙሉ ጠብታ አይታይም፣ ከዚያ በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይደፋዋል። ይህን ማንም አልነገረኝም። የላኩኝ ሰዎች ያሠለጠኑኝ ስለ ሸሚዝ አተኳኮስ ነው።

አሠሪዬ ሰማንያን ያለፉ ባልቴት ነበሩ። መንደሩ ሁሉ «ያያ» ይላቸዋል፣ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። እኔም ያያ አልኳቸው። ስናወራ «አንቺ» ነበር የምላቸው፤ የለቃቀምኳት ግሪክኛ ከዚያ በላይ አታስኬድም። በአማርኛ ስጽፈው ግን እጄ እምቢ አለኝ፣ ስለዚህ አንቱ ብያቸዋለሁ።

የልጃቸው ዛቻ ከባዶ ሜዳ የመጣ አልነበረም። ከዓመት በፊት ከቤቱ ኋላ ካለው ኮረብታ የወረደ ጎርፍ በጓሮ በር ገብቶ ወለሉን አጥለቀለቀው። ያያ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰበረ። የሚደርስላቸው ሰው እስኪገኝ ድረስ ውሃው ውስጥ ተኝተው ነበር። ልጃቸው ክፉ ሰው አይደለም። በየእሁዱ ከከተማ እየነዳ ይመጣል፣ የእናቱን የእግር ጥፍር ራሱ ነው የሚቆርጠው። ፈርቶ ነው እንጂ። የፈራ ሰው ደግሞ እንዲያ ይናገራል።

መኪናው ከዓይን እንደራቀ ያያ በምርኩዛቸው ወለሉን መቱት።

«እኔ የምሞተው እዚህ ነው» አሉኝ።

«ሳይሞቱ ቢቆዩ አይሻልም?»

«ለአንቺ ብዬ?»

«አዎ። ሥራዬ እኮ ነው።»

ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተግባባን። እሳቸው ከቤታቸው ላለመውጣት፣ እኔ ቤቱ ውሃ እንዳይገባው። ሌላ የጋራ ጉዳይ አልነበረንም፣ ግን ይሄ ይበቃል።

ቤቱ አንድ ፎቅ እንኳ የሌለው፣ ጣራው ጠፍጣፋ፣ ግድግዳው ነጭ ቤት ነው። ከኋላው ኮረብታ፣ ከፊቱ ጠባብ ግቢ፣ ከግቢው ጫፍ እስከ ወገቤ የሚደርስ የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ጠጠር፣ ከጠጠሩ ማዶ ባሕር። ባሕሩ በዚያን ሰሞን ሰነፍ ነገር ነበር። ጠጠሩን ላስ አድርጎ ይመለሳል። እኔ ከዚያ በፊት ያየሁት ትልቅ ውሃ በትምህርት ቤት ጉዞ ያየሁትን የቢሾፍቱን ሐይቅ ነው። ሐይቅ ደግሞ ከተቀመጠበት አይነሳም። ባሕሩንም እንደዚያው ቆጠርኩት፣ እንደ ትልቅ የውሃ መጣያ።

ስለ ጎርፍ ግን እኔን የሚያስተምረኝ ሰው የለም ብዬ ነው የማስበው።

የእናቴ ቤት ከአየር ጤና ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ቁልቁለቱ ወገብ ላይ ነው። ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ አለ፣ እኛ ዝቅ አልን። ከላይ ያለው ሰፈር ያጠበው፣ የደፋው፣ የዘነበበት ሁሉ የሚወርደው በእኛ በኩል ነው። ስለዚህ ግንቦት ሲያልቅ ሰፈሩ በአንድ ቅዳሜ ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል። ቦይ የሚከፈተው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት ይከፍታል፣ ቀጥሎ ከእሱ በላይ ያለው፣ ቀጥሎ ከዚያ በላይ ያለው። አንዱ ሲጨርስ ወደ ላይ ይጮሃል፣ «የእኛ ተከፍቷል!» ከታች ሳይከፈት ከላይ የከፈተ ሰው ውሃውን በጎረቤቱ በር ላይ ለቀቀ ማለት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ ይነሳል።

እናቴ በዚህ ሥራ ቀልድ አታውቅም። «ውሃውን ልትገድቢው እንዳትሞክሪ» ትለኝ ነበር፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ። «መውጫውን አበጂለት፣ ራሱ ይሄዳል።» ገና በልጅነቴ ነው ዶማ የያዝኩት። አንድ ቀን ከላያችን ያሉት ጎረቤታችን፣ የቡታጅራ ሰው ናቸው፣ መርካቶ ይነግዳሉ፣ በአጥራቸው ላይ ብቅ ብለው፣

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ዶማ ይዘሽ ከቆምሽ ማን ያገባሻል?» አሉኝ።

እናቴ ቀና ሳትል፣ «ጎርፍ የማይፈራ» አለቻቸው።

እኔም እንዲህ ሆኜ ነው ደሴቷ ላይ የደረስኩት።

እዚያ መንደር ሰው ምሳ ከበላ በኋላ ይተኛል። በእኛ አቆጣጠር ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ውሻ እንኳ አይጮህም። ያያም ይተኛሉ። እኔ ቀን መተኛት አልችልም፤ ዝም ብዬ መቀመጥም አልችልም። ከዕቃ ቤት የሟች ባላቸውን ዶማ አገኘሁ። እጀታው ደርቆ ይንቀጫቀጫል፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ አጠበቅኩት። ከዚያ በየቀኑ በዚያች ሁለት ሰዓት ቦይ መቆፈር ጀመርኩ። ከጓሮ በር ጀርባ ተነስቼ፣ የቤቱን ጎን ይዤ፣ በኩሽናው በር ፊት አልፌ፣ ወደ ባሕሩ አጥር። እናቴ እንዳስተማረችኝ ከታች መጀመር ነበረብኝ። የሚጀምርልኝ የታች ጎረቤት ስለሌለ ከላይ ጀመርኩ። ከታች ባሕር ነው፣ ባሕር ቦይ ይከፍታል እንዴ?

አጥሩ ጋ ስደርስ መሠረቱ ላይ አንድ ነገር አየሁ። የቆየ ቀዳዳ ነበረ፣ ጭንቅላት የሚያስገባ። በድንጋይና በሲሚንቶ ተደፍኗል። ሲሚንቶው ከቀረው ግንብ ቀለሙ ይለያል። የግቢው ውሃ መውጫ መሆኑ ለዓይነ ስውርም ይገባዋል። «ይህን የደፈነ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኩ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። መሮና መዶሻ አምጥቼ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሰባበርኩት። የመጨረሻው ድንጋይ ወደ ውጭ ሲወድቅ በቀዳዳው ሰማያዊ ነገር ታየኝ። ደስ አለኝ። በጣም።

ያያ ከእንቅልፍ ነቅተው በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ መጡ።

«ማን ነው የከፈተው?»

«እኔ።»

«ባሌ ነበር የዘጋው።»

«ለምን?»

ቀዳዳውን ብዙ ጊዜ አዩት። ነፋስ ስስ ፀጉራቸውን ያነሳል፣ ይጥላል።

«ረሳሁት» አሉ። «የሆነ ምክንያት ነበረው። እሱ ሲሚንቶ በከንቱ የሚያባክን ሰው አልነበረም።»

«ውሃው መውጫ ያስፈልገዋል» አልኳቸው።

«አንቺ ካልሽ» አሉና ሻይ ጠየቁኝ።

መንደሩ ውስጥ የሚያስታውስ ሽማግሌ አይጠፋም ነበር። ሽማግሌዎቹ ቡና ቤቱ ደጃፍ ቀኑን ሙሉ ካርታ ሲጫወቱ ይውላሉ። ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም። አልሄድኩም።

የመጀመሪያው ዝናብ በጥቅምት መጣ። ጠዋት ሰማዩ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቀላ። መጀመሪያ የወረደው ጭቃ ነው፤ ከበረሃ የተነሳ አቧራ ከዝናቡ ጋር ተለውሶ። የያያን ነጭ አንሶላዎች ማለዳ አጥቤ አስጥቼ ነበር። መስከረም አለፈ፣ ፀሐይ ነው ብዬ። ሁሉም ቀይ አፈር ላይ የተንከባለሉ መሰሉ። ያያ በመስኮት ሆነው፣ «እዚህ አገር ሰማይ ሳይታይ አንሶላ አይሰጣም!» እያሉ ይጮሃሉ። ከዚያ ወጀቡ ደረሰ። የመስኮቶቹን የእንጨት መዝጊያ በየተራ እየሮጥኩ ቀረቀርኩ፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹን በገመድ አሰርኩ፣ የአበባ ማሰሮዎቹን ወደ ውስጥ ጎተትኩ። መብራት ጠፋ። በረዶው ጠፍጣፋው ጣራ ላይ ሲወርድ የእኛን ቆርቆሮ አስታወሰኝ፤ ግን ኮንክሪት ስለሆነ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ከሩቅ እንደሚመታ ነገር። ኮልፌ ዝናብ ሲመጣ ቢያንስ መጮሁን ያውቃል።

ኮረብታው ላይ ቡናማ ውሃ ሲንደረደር አየሁት። ጓሮ በር ደረሰ። ቦዩ ውስጥ ገባ። በቤቱ ጎን ዞረ፣ በኩሽናው በር ፊት አለፈ፣ በቀዳዳው ወጣ። ወለሉ ላይ አንድ ጠብታ አልገባም። ያያ የኩሽናው በር ላይ ቆመው አጨበጨቡ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ እንደ ልጅ። ዝናብ እየመታኝ እኔም እስክስታ ቢጤ ወረድኩላቸው።

በማግሥቱ ያያ ባልዲ ሰጥተው ሜዳ ላኩኝ። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ቀንድ አውጣ ከመሬት ይወጣል፣ መንደሩ ሁሉ ይለቅማል። ለቀምኩ። ቀቅለው በሎሚ ሲበሉት አፌን ይዤ ወጣሁ።

«ረቡዕ አይደል እንዴ? ጾም አይደል?» አልኳቸው። እሳቸውም ኦርቶዶክስ ናቸው።

«ቀንድ አውጣ ደም የለውም። የጾም ነው።»

«እኛ አገር ይህን የበላ ሰው ጾም መግደፉ ሳይሆን ጤንነቱ ነው የሚያሳስበን።»

«አንቺ ደግሞ ያን ቃሪያ ትበያለሽ፣ እኔ ምን አልኩሽ?»

ለእናቴ የቦዩን ቪዲዮ ላክሁላት። ለጎረቤት ሁሉ አሳየች። ከላያችን ያሉት ጎረቤታችን ስልኩን ተቀብለው፣ «ፈረንጅ አገር ተሻግረሽ ቦይ ትቆፍሪያለሽ? እዚህ መች አጣንልሽ!» አሉኝ። እሁድ የያያ ልጅ መጣ፣ ቦዩን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ተከተለ፣ በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። «ጥሩ ነው» አለ። በሚቀጥለው እሁድ የጎማ ቦት አመጣልኝ፣ ልክ በቁጥሬ። ቀዳዳውን አላየውም፤ ወይም አይቶት ምንም አልመሰለውም።

ሁለተኛው ወጀብም እንዲሁ አለፈ። ያያ ለሚመጣው ፋሲካ ስለሚጋግሩት ዳቦ ማውራት ጀመሩ። ፋሲካ ድረስ እዚሁ መሆናቸውን አመኑ ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው እናቴ ቤት ሆኜ ነው። አሁን ሐምሌ ነው፣ ከቆሼ በኩል የሚመጣው ሽታ በዝናቡ ታጥቦ ቀንሷል። ግንቦት ላይ ቦይ ስንከፍት ከጎረቤታችን አጥር ሥር የተደፈነ ቱቦ አገኘሁ። እናቴ ክፈቺው አለች። ማን እንደደፈነውና ለምን እንደደፈነው ሳልጠይቅ አልነካውም አልኩ። ግማሽ ቀን ቤት ለቤት ዞርኩ። እናቴ፣ «ለቱቦ ሽማግሌ ትልካለች» ብላ ሰፈሩን አሳቀችብኝ። ይሳቁ።

ሦስተኛው ወጀብ ደሴቷ ላይ የመጣው በኅዳር መጨረሻ ነበር። ጠዋት ያያ ቁርስ ላይ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ሰጡ።

«ነፋሱ ከየት ነው?»

ወጥቼ አየሁ። እስከዚያ ቀን ነፋሱ ሁልጊዜ ከኮረብታው በኩል ነበር። ያን ቀን ፊቴን የመታኝ ከባሕሩ ነው። ጨው ጨው ይላል።

«ከባሕሩ» አልኩ።

«እእ» አሉ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን ወደ መንገዱ ሲጎትቱ በመስኮት አየን። እኔ የተለመደውን አደረግኩ። መዝጊያ፣ ወንበር፣ ማሰሮ፣ ሻማ። ቦዩን ጠርጌ ቅጠሉን አወጣሁ። ጥርግ ያለ፣ የሚያምር ቦይ።

ምሳ ከበላን በኋላ ዝናቡ ጀመረ። ከኮረብታው የወረደው ውሃ እንደ ልማዱ ቦዩን ይዞ ወደ ታች ሄደ። ኩሽና ቆሜ አየዋለሁ። ድንገት ቆመ። መሄዱን አቁሞ እዚያው ማበጥ ጀመረ። የሆነ ነገር ደፈነው ብዬ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ስደርስ በቀዳዳው ነጭ አረፋ ተፋብኝ፣ እንደሚገነፍል ወተት። ከአጥሩ ማዶ ጠጠሩ የለም። ባሕሩ አጥሩ ሥር ደርሷል። አንድ ማዕበል መጥቶ ግንቡን ሲመታው ግንቡ ቻለው፤ በእኔ ቀዳዳ ግን የጎረምሳ ወገብ የሚያህል ውሃ እየጮኸ ገባ፣ ቦዩን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ቤቱ። ከኮረብታው የመጣውና ከባሕሩ የመጣው ኩሽናው በር ፊት ተገናኙ። ከዚያ ወዲያ የቀራቸው መንገድ አንድ ነው።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ሌላ ማንን ልጥራ?

«እማ፣ ውሃ ቤት ገባ!»

«ከየት ነው የገባው?»

«ከታች!»

«ከታች ከየት?»

«ከባሕሩ! ወደ ላይ እየወጣ ነው!»

«ውሃ ወደ ላይ አይወጣም። ተረጋጊ። ቦዩ ተደፍኖ ይሆናል፣ ጥረጊው።»

«አልተደፈነም እማ! ክፍት ነው! ክፍት መሆኑ ነው ጉዱ!»

ከኋላዋ የታክሲ ረዳት «ቤቴል! ቤቴል!» ሲል ይሰማኛል። ፀሐይ ላይ እንደቆመች ገባኝ።

«ዝጊው» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«በምን?»

«ባለሽ ነገር። መጀመሪያ ግን ሴትዮዋን ከወለሉ አንሺ።»

ያያ ከእንቅልፋቸው ነቅተው እግራቸውን ከአልጋው ሊያወርዱ ሲሉ ደረስኩ። ውሃው የመኝታ ቤቱን ደፍ አልፏል። «እንዳይወርዱ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ትራስ ከጀርባቸው አደረግኩ፣ ብርድ ልብስ ጣልኩባቸው፣ ምርኩዛቸውን ወስጄ ቁምሳጥን ላይ ሰቀልኩት፣ እንዳይነሱ። ከዚያ የትራስ ጨርቅ ይዤ ወጣሁ። ጠጠር እየሞላሁ ቀዳዳው ውስጥ ወተፍኩ። ማዕበሉ አንዱን ጨርቅ ከነጠጠሩ ተፋው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ከነቦቴ አንስቶ ጣለኝና ክርኔ ተላጠ። የሰፈሬ ጎርፍ መጥቶ ያልፋል፤ ይሄኛው ሄዶ ይመለሳል። እንደዚህ ያለ ውሃ አላውቅም።

ቀዳዳውን ተውኩት። ከእኔ አልጋ ላይ ፍራሹን ጎትቼ አወጣሁ፣ አጥፌ ኩሽናው በር ላይ ቦዩ ውስጥ ወሸቅሁት፣ ጀርባዬን ለበሩ፣ እግሬን ለቦዩ ጠርዝ ሰጥቼ በላዩ ተቀመጥኩበት። ከግራ ቡናማው ይመጣል፣ ከቀኝ ነጩ ይመጣል። እኔ መሀል። አብዛኛው በጎን ወደ ግቢው ፈሰሰ፤ የቀረው በብብቴ ሥር እየሾለከ ቤት ይገባል። ከዚህ በላይ የማደርገው ነገር አልነበረም። ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ጥርሴ መንቀጥቀጡን ትቶ ነበር።

በዚያ መሀል ያያ ከመኝታ ቤት ጮሁ።

«አንቺ! አንቺ ልጅ!»

«ምን ሆኑ?»

«ትዝ አለኝ!»

«ምኑ?»

«ባሌ! ለዚህ ነው የዘጋው!»

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ ወይስ እሳቸው፣ አላስታውስም። ውሃው ውስጥ ተቀምጬ፣ እሳቸው አልጋ ላይ ተሰቅለው፣ ግድግዳ ለይቶን ሳቅን። የእሳቸው ሳቅ ቀድሞ ቆመ።

ሊመሽ ሲል ነፋሱ ወደቀ። ባሕሩ ተጎትቶ ወደ ቦታው ሄደ፣ ምንም እንዳላደረገ። ቤቱ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ፣ ከውሃው ሥር አሸዋ። ፍሪጁ ሥር ጣቴን የምታህል ዓሣ ሞታ አገኘሁ።

በማግሥቱ እሁድ አልነበረም፤ ልጃቸው ግን መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳው ላይ ውሃው የሠራውን መስመር አየ። ወጣ። ቦዩን ተከትሎ እስከ አጥሩ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን አየ፣ የመሮውን ምልክት በጣቱ ዳበሰ። ሲመለስ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ግንቡን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ ክፈቺ ያልኳት» አሉ ያያ ከአልጋቸው።

ወደ እኔ ዞረ። ዝም ብል ያልፍ ነበር። ግን ባላቸው የዘጋውን እሳቸው ክፈቺ ብለው ከሆነ አእምሯቸው ከዳቸው ማለት ነው፣ ለእሱም ለሐኪሞቹም እንዲያ ነው የሚመስለው። እሱን ደግሞ ልሰማው አልፈለግኩም።

«ውሸታቸውን ነው» አልኩ። «ተኝተው ነበር። እኔ ነኝ የከፈትኩት። ማንንም አልጠየቅኩም።»

ያያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ልጃቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እርጥብ ነበር፣ ሱሪው ራሰ፣ አልተነሳም።

«በመስከረም ነግሬሽ ነበር» አለኝ።

«ነግረኸኛል።»

«ያኔ እኔም ስሰማ ነበር» አሉ ያያ፣ ለግድግዳው። «እስኪደርቅ ጠብቀን።»

«ጨው ነው፣ እማ። ጨው የገባበት ግድግዳ አይደርቅም።»

ቅዳሜ ወሰዳቸው። አንድ ሻንጣ ብቻ ነው የያዙት፤ እኔ ነኝ የሞላሁት። የጥርሳቸውን ዕቃ፣ መድኃኒቱን፣ ጥቁር ሹራባቸውን፣ አንሶላዎቹን። ቀዩ አፈር ካንዱ አንሶላ ላይ አልለቀቀም ነበር፣ እሱን ላስቀረው ስል «እሱንም» አሉኝ። ካጋለጥኳቸው ቀን ጀምሮ ብዙም አላናገሩኝም።

መኪናው ውስጥ አስገብቼ ቀበቷቸውን ሳስር እጄን ያዙኝ።

«ቀዳዳውን ዝጊው» አሉ።

«ማን ሊኖርበት?»

«እሱ ዘግቶት ነበር። እንደዘጋው ይቆይ።»

«እሺ ያያ።»

«በደንብ።»

«በደንብ።»

መኪናው ሄደ። እኔ ደግሞ ዕቃ ቤት ገብቼ ሲሚንቶ ፈለግኩ። የባላቸው ነው፣ ጫፉ ጠጥሯል፣ መሀሉ ደህና ነው። አሸዋ እንደሆነ ወለሉ ላይ ሞልቷል፤ ግን የባሕር አሸዋ ለሲሚንቶ አይሆንም ሲባል ሰምቼ ነበር። እርግጠኛ ስላልሆንኩ ወደ ቡና ቤቱ ሄጄ ካርታ የሚጫወቱትን ሽማግሌዎች ጠየቅኩ። አንደኛው ካርታውን ገልብጦ አስቀመጠ፣ ተነሳ፣ ከቤቱ ጓሮ ሁለት ባልዲ የወንዝ አሸዋ ሞላልኝ። ምን ልትሠሪበት ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ምናልባት ያውቅ ነበር።

ድንጋዮቹን ከጠጠሩ ላይ ለቀምኩ። የቀድሞዎቹን ነው፣ ሲሚንቶው አሁንም ተጣብቆባቸዋል። በየቦታቸው መለስኳቸው፣ በሲሚንቶ ሞላሁ፣ በመዳፌ ለሰንኩት። ቦዩንም ደፈንኩ፣ ከላይ እስከ ታች። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ዶማውን አጥቤ ያገኘሁበት አቆምኩት።

ሰኞ ጠዋት የጎማ ቦቱን ኩሽናው በር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የመስኮቶቹን መዝጊያ አንድ በአንድ ቀረቀርኩ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ልጃቸው እንዳለኝ ከበሶብላው ማሰሮ ሥር አደረግኩት፣ ሻንጣዬን አንስቼ ወደ ፌርማታው ወጣሁ።